91 ለስንት ይካፈላል? ልጄ የጠየቀችኝን መመለስ አቃተኝ

የአዳማው ሂሳብ ያዥ
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት የሂሳብ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ጥያቄው ከ80 እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን) ጻፉ ይላል። እሷ 83፣ 89፣ 91፣ 97 ብላለች። 91 ላይ በቀይ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ከጎኑ የተጻፈ ነገር የለም።

"አባዬ፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ እኮ" ብላ ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ የሠራችውን አሳየችኝ። መጨረሻው 1 ስለሆነ ለ2፣ ለ5፣ ለ10 አይካፈልም። 9 ሲደመር 1 አሥር ነው፣ ስለዚህ ለ3ም ለ9ም አይካፈልም። ለ2 ያልተካፈለ ለ4፣ ለ6ና ለ8 አይካፈልም። ደብተሯ ላይ ያሉት ሕጎች እዚህ ላይ አለቁ። የ7 ሕግ የላትም።

በካልኩሌተር ሳየው 7 ጊዜ 13 ነው። እሱስ ይሁን። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። "የ7 ሕግ ለምን የለም? ደግሞስ አሃዞቹን መደመር ለ3 ለምን ይሠራል? ድምሩንና ቁጥሩን ምን አገናኛቸው?" አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሂሳብ ይዣለሁ፤ መልስ አልነበረኝም። "ሕጉ ነው" ብዬ ላልፋት ደግሞ አልፈለግሁም። የምታውቁ አስረዱኝ።

ጠመኔ
ወንድሜ፣ "ሕጉ ነው" ብለህ ስላላለፍካት እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ልጆች ወደ እኔ ሲመጡ እነዚህን ሕጎች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድደው ነው። ለምን እንደሚሠሩ የጠየቀች ልጅ ካለች እሷ ናት ሂሳብ የጀመረችው።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገርህ፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ ሞክሩት። 472 ብር አውጣ፤ አራት ባለ መቶ፣ ሰባት ባለ አሥር፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም። ይህን ለዘጠኝ ሰው እኩል አካፍሉ።

ከአንዷ መቶ ብር ጀምሩ። ዘርዝሯትና 99ኙን ለዘጠኙ ሰው 11፣ 11 ብር ስጧቸው። አንድ ብር ትተርፋለች። አራቱም መቶዎች እንዲሁ ናቸው፤ ስለዚህ ከመቶዎቹ የተረፈው 4 ብር ነው። አሁን አሥሮቹን፤ ከአንዷ አሥር ብር ዘጠኙ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ብር ይደርሳል፣ አንድ ብር ትተርፋለች። ከሰባቱ አሥሮች 7 ብር ተረፈ። ሁለቱ ሳንቲሞች እንዳሉ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀረው 4 ሲደመር 7 ሲደመር 2 ነው። ልጅህ "የአሃዞች ድምር" የምትለው ይኸው ነው! ገና ያልተካፈለው ትርፍ ብር ማለት ነው። 13 ብር ለዘጠኝ ሰው አንድ አንድ ደርሶ 4 ይቀራል። እውነትም 472 ለ9 ሲካፈል 52 ደርሶ 4 ይቀራል።

ለ3ም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 9ም 99ም 999ም ለሦስት ሰው ያለ ትርፍ ይካፈላሉ። ለ2ና ለ5 የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ የምናየው አንዷ አሥር ብር ራሷ ለሁለትም ለአምስትም ሰው ተካፍላ ስለምታልቅ ነው። ለ4 የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች የምናየው መቶ ብር ለአራት ሰው 25፣ 25 ደርሶ ስለሚያልቅ ነው። ለ8 ደግሞ ሺህ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ሦስት አሃዝ እናያለን። ደብተሯ ላይ እንደ ስምንት የተለያዩ ሕጎች የተጻፈው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከአሥር፣ ከመቶ፣ ከሺህ ስንት ይተርፋል?

የአዳማው ሂሳብ ያዥ
መምህር፣ ይህን ዛሬ ማታ አደርገዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው። 7ትስ?

ጠመኔ
ያው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ብቻ አይመችም። አሥር ብር ለሰባት ሰው ሲካፈል 3 ይተርፋል። ከመቶ 2፣ ከሺህ 6፣ ከአሥር ሺህ 4፣ ከመቶ ሺህ 5፣ ከሚሊዮን 1 ይተርፋል፤ ከዚያ እንደገና 3፣ 2፣ 6 እያለ ይዞራል። ስለዚህ የ7 ሕግ አለ። አሃዞቹን ከኋላ ጀምሮ በ1፣ በ3፣ በ2፣ በ6፣ በ4፣ በ5 እያባዙ መደመር ነው። ለ91፦ 1 ጊዜ 1፣ 9 ጊዜ 3፣ ድምሩ 28። 28 ለ7 ይካፈላል። መጽሐፉ የዘለለው ለመሸምደድ ስለማይመች ይመስለኛል፤ መዝለሉ ግን "የለም" የሚል ሐሳብ ልጆች ላይ ይተዋል፤ ያ ያሳዝነኛል።

ቀለል ያለ መንገድም አለ። የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርገህ ከቀሪው ላይ ቀንስ። 91፦ 9 ሲቀነስ 2፣ 7። 532፦ 53 ሲቀነስ 4፣ 49። ሁለቱም ለ7 ይካፈላሉ። ምክንያቱ 21 ነው። የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ ከአሥር ቤቱ ላይ ስትቀንስ፣ ከሙሉው ቁጥር ላይ አሃዙን 21 ጊዜ መቀነስህ ነው። 21 የ7 ብዜት ስለሆነ ለ7 መካፈሉን አያበላሽም። ከዚያ መጨረሻ ላይ ዜሮ ይመጣል፤ ዜሮውን ቆርጦ መጣል ደግሞ ለ10 ማካፈል ነው፤ 10 ደግሞ ከ7 ጋር ምንም አይጋራም።

ወንፊት
ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ለአንድ ቁጥር ብቻ ነው የተሸነፈችው። ስለ 91 አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ሳውቀው ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ አካፋይ እንዴት እንደሚፈለግ። የእድር ወንበር ደርድራችሁ ታውቃላችሁ? 91 ወንበር በእኩል ረድፍ ልደርድር ብትሉ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፤ የረድፉ ብዛትና በአንድ ረድፍ ያለው ወንበር። አካፋዮች ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚመጡት። ሁለቱም ከ10 በላይ ከሆኑ ብዜታቸው ከ100 ይበልጣል፤ 91 ወንበር አይበቃም። ስለዚህ ከጥንዱ አንዱ የግድ ከ10 በታች ነው። እስከ 10 ካሉት ደግሞ መሞከር ያለባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7። ለእነዚህ ለአራቱ ካልተካፈለ ከ100 በታች ያለ ማንኛውም ቁጥር ብቸኛ ነው፤ አንድን ትተን። ልጅቱ ከአራቱ ሦስቱን ሠርታለች።

አሁን ደግሞ ደስ ያለኝ ነገር። ከ100 በታች ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ5ም የማይካፈሉ፣ ግን ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች ስንት ናቸው? አንድን ትተን ሦስት ብቻ ናቸው። 49፣ 77፣ 91። 7 ጊዜ 7፣ 7 ጊዜ 11፣ 7 ጊዜ 13። 49ን ማንም ልጅ ከማባዣ ሰንጠረዥ ያውቀዋል። 77 ፊቱ ላይ ተጽፏል። የሚደበቀው 91 ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ያወጣው መምህር ከ80 እስከ 100 ያለው ወዶ ይመስለኛል። ግን እኮ ከኤክሱ ጎን "7 ጊዜ 13" ብሎ ቢጽፍ ምን ነበረበት።

በወረቀት ላይ ከ1 እስከ 100 ጻፉና 2ን ትታችሁ የ2ን ብዜቶች ሰርዙ፣ 3ን ትታችሁ የ3ን፣ ከዚያ የ5ን፣ የ7ን። አንድንም ሰርዙ። የሚቀሩት 25 ናቸው። ይህ የኤራቶስተኔስ ወንፊት ይባላል። ሰውየው የተወለደው ዛሬ ሊቢያ በሆነችው በቀሬና ነው፤ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት የመራው ከ2,200 ዓመት በፊት ነው። ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት።

እናት ከሜሪላንድ
የእኔ ልጅ እዚህ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው፤ እኔ ደግሞ የቤት ሥራውን የማስረዳው በአማርኛ ነው። አንድ ቦታ ሁልጊዜ እንጋጫለን። 17ን ለ5 ስናካፍል 5ን "አካፋይ" እለዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ "የ12 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12 ናቸው" እለዋለሁ። "ታዲያ 5 የ17 አካፋይ ነው ብለሽኝ አልነበር?" ይለኛል። እሱ በትምህርት ቤቱ ለሁለቱ ሁለት ቃል ነው ያለው። እናንተ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ጠመኔ
እህቴ፣ ልጅሽ እውነቱን ነው፤ እዚህም ተማሪዎቼ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እኔ "አካፋይ" የምለው ቀሪ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ለ17ና ለ5 "17ን ለ5 ስናካፍል ድርሻው 3፣ ቀሪው 2" እላለሁ፤ 5ን ስም አልሰጠውም። ግድ ሲሆን "የምናካፍልበት ቁጥር" እላለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል
ለልጅቱ አንድ ላግዝ። ለ6 ለመፈተን ለ2ና ለ3 መካፈሉን ማየት ይበቃል፣ 2 ጊዜ 3 ስድስት ስለሆነ። እንደዚሁ ለ4ና ለ6 ከተካፈለ ለ24 ይካፈላል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የፈለጋችሁትን ቁጥር ሕግ መሥራት ይቻላል።

ጠመኔ
የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ሁለተኛው ግን አይደለም። 12ን ውሰድ። ለ4 ይካፈላል፣ ለ6 ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም። 36ና 60ም እንዲሁ። 2ና 3 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ 4ና 6 ግን 2ን ይጋራሉ። ያንን 2 ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርከው። ትክክለኛው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ነው፣ እሱም 12። ለ24 ከፈለግህ 3ንና 8ን ያዝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል
ገባኝ መምህር። ለካ እንደዚህ አድርጌ ስሠራ ኖሬያለሁ። አመሰግናለሁ።

አበቅቴ
ይህን ክር ሳነብ የአብነት ትምህርት ቤት ዘመኔ ትዝ አለኝ። መምህር አሁን የተናገሩት፣ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ጉዳይ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ የቆመበት ምሰሶ ነው። ልጆቻችን ቤታቸው ያለውን ነገር ከሂሳብ ደብተራቸው ጋር ስለማያገናኙት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንጌላውያኑ በ4 ዓመት ይዞራሉ። ዕለቱ በ7 ነው የሚዞረው። አበቅቴ፣ የጨረቃ ትርፍ ቀን፣ በ19 ዓመት ይመለሳል። 4፣ 7ና 19 ከ1 በቀር የሚጋሩት የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ሲባዙ በሚመጣው ቁጥር ነው፤ 4 ጊዜ 7 ጊዜ 19፣ 532 ዓመት። ዐውደ ቀመር የምንለው ይህ ነው። አንድ እንኳ የጋራ አካፋይ ቢኖራቸው ዙሩ ያጥር ነበር።

አሁን የ532ን አካፋዮች በጥንድ አውጡ፦ 1 ከ532፣ 2 ከ266፣ 4 ከ133፣ 7 ከ76፣ 14 ከ38፣ 19 ከ28። አሥራ ሁለት ናቸው። ከመካከላቸው 19 ዐውደ አበቅቴ ነው፣ 28 ዐውደ ፀሐይ፣ 76 ዐውደ ማኅተም። መምህሬ እነዚህን በቃል አስያዙኝ፤ ሁሉም የአንድ ቁጥር አካፋዮች መሆናቸውን ያየሁት ግን ጎልማሳ ሆኜ፣ የልጄን የስድስተኛ ክፍል ደብተር ሳገላብጥ ነው።

2018ን እንይ። 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2፤ ዘመነ ማርቆስ። 1879ን ከ7518 ጋር ብትደምሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3፤ 1 ማክሰኞ ተብሎ ስለሚቆጠር መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱን ስትተዉ የሚቀረው ወንበር ይባላል፣ 12። ወንበር ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለት ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴ 12። ወንበር ጊዜ 19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 እንዲሆኑ ታዘናል ስንባል ኖረናል። ለምን ሁልጊዜ? 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው። ወንበሩ ምንም ይሁን፣ ሁለቱ ሲደመሩ ወንበር ጊዜ 30 ነው፤ በ30 ስትገድፉት ትርፍ የለውም። እነሆ ተካፋይነት።

የዚህ ቀመር ባለቤት የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንደሆነ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። ወንፊት ያነሡት ሰውም በዚያችው ከተማ የኖረ መሆኑ ገረመኝ።

ወንፊት
አባቴ፣ ስለ አበቅቴና መጥቅዕ ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ለሌሎቻችሁ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። 9397ን መምህር ባሉት የእጥፍ መንገድ ብትሠሩት 939 ሲቀነስ 14፣ 925 ይመጣል፤ 92 ሲቀነስ 10፣ 82። 82 ለ7 አይካፈልም፤ እስከዚህ ልክ ነው። የ82 ቀሪ ግን 5 ነው፣ የ9397 ቀሪ 3። የእጥፍ መንገድ "ይካፈላል፣ አይካፈልም" ብቻ ነው የሚለው፤ ቀሪውን አይጠብቅም፣ ምክንያቱም ዜሮ እየቆረጥን በ10 እያካፈልን ነው የሄድነው። በእሱ ዕለት ብታወጡ ሐሙስ ቅዳሜ ይሆንባችኋል። በ1፣ 3፣ 2፣ 6 የማባዛቱ መንገድ ግን ይጠብቃል፦ 7 ሲደመር 27 ሲደመር 6 ሲደመር 54፣ 94፤ የ94 ቀሪ 3።

የአዳማው ሂሳብ ያዥ
ሦስት ቀን ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅርታ። ብሩን ዘርዝረን ተካፈልን። ዘጠኝ ሰው ስላልነበረን ዘጠኝ የቡና ሲኒ ደረደርን። ልጄ ሦስተኛዋ መቶ ብር ላይ ስትደርስ እጄን ያዘችኝና "አባዬ ተው፣ አራተኛዋንም አውቃታለሁ" አለችኝ። ከዚያ 472ን ትታ በራሷ 5,040ን ለዘጠኝ ሲኒ በአፏ አካፈለች።

እኔ ደግሞ የራሴን አገኘሁ። ሥራ ስጀምር የነበሩት አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አንድ ነገር አስተምረውኝ ነበር። ሂሳብ አልታረቅ ሲል ልዩነቱን ለ9 አካፍል፤ ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ ተጽፎ ይሆናል፣ ያንን ፈልግ ይሉኝ ነበር። 5,840 የነበረው 5,480 ተብሎ ሲገባ ልዩነቱ 360 ነው፤ 9 ጊዜ 40። ስንቱን ማታ አድኖኛል። ለምን እንደሚሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ገባኝ፤ አሃዞቹ ቦታ ቢቀይሩም ድምራቸው ያው ነው፣ ስለዚህ ለ9 ሲካፈሉ የሁለቱም ትርፍ እኩል ነው፤ ሲቀናነሱ ትርፉ ይጠፋል። ሲኒዎቹን እያየሁ ነው የመጣልኝ።

በማባዛት ጊዜም 9 እየጣሉ ማረጋገጥ እንደሚቻል አሳይተውኝ ነበር። 37 ጊዜ 24፣ 888። የ37 ትርፍ 1፣ የ24 ትርፍ 6፣ ብዜቱ 6፤ የ888ም ትርፍ 6። ግን በዚህ መንገድ ቦታ የተለዋወጠ አሃዝ አይያዝም፤ ምክንያቱ ያው ከላይ ያልኩት ነው። ወጣት ሂሳብ ያዦች ይህን ልብ በሉ።

ጠመኔ
ወንድሜ፣ ይህንን የአለቃህን ነገር ሰኞ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፣ ከፈቀድክ። ለልጅህ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ይኸውልህ። ማንኛውንም ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ደግማ ትጻፈው፣ 247247 እንደማለት። ለ7 ታካፍለው። ድርሻውን ለ11፣ የዚያን ድርሻ ለ13። ምን ይመጣል?

የአዳማው ሂሳብ ያዥ
247 መጣ! አራት ቁጥር ሞከረች፣ አራቱም መነሻቸው ተመለሰ። ማታ ሦስት ሰዓት ሆኖ አልተኛም አለች። ምስጢሩን እኔ ሳልሆን እሷ ናት ያገኘችው፤ "አባዬ፣ ደግሜ ስጽፈው እኮ በ1001 ማባዛቴ ነው" አለች። 1001 ደግሞ 7 ጊዜ 11 ጊዜ 13። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ "7 ጊዜ 13 እኮ 91 ነው" አለች። 91 ጊዜ 11፣ 1001። ኤክስ የተደረገባት ቁጥር ናት።

ወንፊት
1001 ለ7 ስለሚካፈል ከሺህ 6 መትረፉን "አንድ ጎደለ" ብሎ ማየት ይቻላል። ስለዚህ 9397ን 397 ሲቀነስ 9 አድርጉት፣ 388። ቀሪው 3፣ ሐሙስ። ይህኛው ቀሪውን ይጠብቃል። አባታችን አበቅቴ ሊወዱት ይችላሉ።

አበቅቴ
ወደድኩት። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የአዳማው ሂሳብ ያዥ
ዛሬ ደግሞ በራሷ ባለ አራት አሃዝ ደግማ ጻፈች፣ 20182018። በ10001 ማባዛት መሆኑን ወዲያው አወቀች። ጥያቄዋ 10001 ለስንት ይካፈላል ነው። ካልኩሌተር ልስጣት ብል እምቢ አለች። 100 ጊዜ 100 አሥር ሺህ ስለሆነ እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃኛል ብላ ከወንፊቱ የቀሩትን 25 ቁጥሮች ወረቀት ላይ ደርድራ አንድ በአንድ እያካፈለች ትሰርዛለች። እራት ሲቀርብ 41 ላይ ነበረች። እራት በልታ ተመለሰች። 59 አለፈ፣ 61 አለፈ፣ 67 አለፈ፣ 71 አለፈ። ሃያ አንደኛው ላይ ጮኸች። 73 ጊዜ 137።

አሁን 137ን ይዛ ተቀምጣለች። 12 ጊዜ 12፣ 144 ስለሆነ እስከ 11 ብቻ ነው የምሞክረው እያለችኝ ነው፤ በ7 ጀምራለች።